ታማሚው ተናግሮ ነበር፦ የኦሊቨር ማክጎዋን ጉዳይ

በኦክቶበር 2016 ኦሊቨር ማክጎዋን የተባለ የ18 ዓመት ወጣት በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል በሚገኘው ሳውዝሚድ ሆስፒታል ተኛ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሆስፒታል ያስገባው የሚጥል በሽታው ነበር። ኖቬምበር 11 ሕይወቱ አለፈ። ለዚህ ያደረሰው ግን የመጣበት ሕመም ብቻ አልነበረም። ሆስፒታል ውስጥ ኦላንዛፒን የሚባል መድኃኒት ተሰጠው። ከዚያ ትኩሳቱ ጨመረ፣ አንጎሉ አበጠ። የዚህ ዓይነት መድኃኒት እንደማይስማማው ራሱም ወላጆቹም አስቀድመው ተናግረው ነበር።

ስለማይታይ አካል ጉዳት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ሰበብ «አይታይም፣ በምን እናውቃለን?» የሚል ነው። በኦሊቨር ጉዳይ ይህ ሰበብ አይሠራም። ያሉበት ሕመሞች በስማቸው ተመዝግበዋል። ታማሚው አፍ አውጥቶ ተናግሯል። ቤተሰቡም አጠገቡ ነበር። መረጃው ክፍሉ ውስጥ ነበር። የጎደለው ለመረጃው የተሰጠው ክብደት ነው። ይህን ጉዳይ ከሌሎች ሁሉ አስቀድሜ የመረጥኩት ለዚህ ነው።

በዚያ ክፍል የነበሩት ሰዎች ክፉዎች ነበሩ ብዬ አላምንም። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ደህና ሰዎች፣ የሠለጠኑ ሰዎች፣ በደንብ በተደራጀ ሆስፒታል ውስጥ ሆነው እዚህ ውጤት ላይ ደረሱ።

ኦሊቨር ማን ነበር?

የተወለደው ያለ ጊዜው ነው። ጨቅላ ሳለ ማጅራት ገትር ያዘው። ተረፈ፤ ሕመሙ ግን አንጎሉ ላይ ጉዳት ትቶ አለፈ። ቀለል ያለ ሴሬብራል ፓልሲ (የሰውነት እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ጉዳት)፣ ፎካል የሚባለው ዓይነት የሚጥል በሽታ እና ቀላል የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ነበረበት። ቆይቶም ኦቲዝም እንዳለበት ታወቀ።

ይህን ዝርዝር የሰማ ሰው ከአልጋ የማይነሳ ልጅ ሊያስብ ይችላል። ኦሊቨር ግን ሯጭ ነበር። እግር ኳስ ይጫወታል። አንድ ቀን ፓራሊምፒክ ላይ ለመሮጥ ያልም ነበር። ቤተሰቡ ሲያወሩለት ሳቂታና ተጫዋች ልጅ እንደነበር ይናገራሉ። መንገድ ላይ ያየው ሰው ምንም አይጠረጥርም።

ፈተናው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጠን ሰው «ለምን አትነሳም?» የሚል የለም። ቆሞ የሚሄድና ጥርት አድርጎ የሚያወራ ወጣት በድንገት ሲጨነቅ፣ ሲጮህ፣ እጁን ሲያወራጭ ግን ሰው የሚያየው «አስቸጋሪ ጠባይ» ነው። ከጀርባው ያለውን ምክንያት ለማየት ቆም ብሎ መጠየቅ ይፈልጋል። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ደግሞ ቆም የሚል ሰው ጥቂት ነው።

ሳውዝሚድ ከመግባቱ በፊት በነበረው አንድ ዓመት ገደማ ኦሊቨር ሆስፒታል ተመላልሷል። በዚያ ጊዜ ፀረ ሳይኮሲስ የሚባሉ መድኃኒቶች ተሰጥተውታል። ሳይኮሲስ፣ ማለትም ከእውነታ የሚያለያይ የአእምሮ ሕመም፣ አልነበረበትም። የተሰጡት መረበሹን እንዲያበርዱለት ነው። ቤተሰቡ እንደሚሉት አልተስማሙትም፤ ጠባዩን ለወጡት፣ የሚጥለውን ሕመምም አባሱበት። ስለዚህ በኦክቶበር 2016 «ይህን አትስጡኝ» ሲል የሚናገረው በራሱ ሰውነት ያየውን ነበር።

ሆስፒታሉ ውስጥ የሆነው

የሚጥል በሽታ ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣልን መሬት ላይ ወድቆ መንዘፍዘፍ ነው። ፎካል የሚባለው ዓይነት ግን ከአንጎል አንድ ክፍል ይነሳል። ሰውየው ላይወድቅ ይችላል። አንዳንዴ ነቅቶ እያለ ይመጣበታል። እጁ ይንቀጠቀጣል። ቃል ይጠፋዋል። ያለ ምንም ምክንያት ከባድ ፍርሃት ይወርረዋል። አንዳንዱ የሆነውን ሁሉ ያስታውሳል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሲያናግሩት የሚሰማ ይመስላል እንጂ አይሰማም። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለን ሰው ጨምድዶ ይዞ «ተረጋጋ!» ማለት ፍርሃቱን ያባብስበታል።

በዚያ ላይ ኦቲዝሙ አለ። ድንገተኛ ክፍል ለማንም ከባድ ቦታ ነው። መብራቱ ዓይን ይወጋል። ማሽኑ ይጮሃል። የማያውቁት ሰው ይነካል። ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ድምፅ፣ ብርሃንና ንክኪ ከሌላው ሰው በበለጠ ኃይል ይሰማቸዋል። ጥያቄ ሲቀርብላቸው መልሱን ለማዘጋጀት ጊዜ ይፈልጋሉ። መልሱ ሳይወጣ ሁለተኛ ጥያቄ ከተጨመረ የመጀመሪያውም ይጠፋል። ሲበዛባቸው አንዳንዶቹ ጭራሽ ዝም ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ይፈነዳሉ። ሁለቱም የጭንቀት ምልክቶች ናቸው። የሚያሳዝነው፣ ዝም ያለው «ተረጋግቷል» ተብሎ ይታለፋል፣ የፈነዳው ደግሞ መድኃኒት ይታዘዝለታል።

ኦሊቨር ፈርቶ ነበር፤ ተረብሾም ነበር። የሚያስተኛ መድኃኒት ተሰጥቶት፣ በመተንፈሻ መሣሪያ እየተረዳ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባ። ሲነቃ መልሶ እንዳይረበሽ ሐኪሞቹ ሰጉ። ጭንቀቱን ያበርድለታል ብለው ኦላንዛፒን ሰጡት። ወላጆቹ ተቃውመው ነበር።

ኦላንዛፒን ከፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒቶች አንዱ ነው። ስኪዞፍሬንያና ባይፖላር ላለባቸው ሰዎች ትልቅ እፎይታ የሰጠ መድኃኒት ነው፤ ይህን መካድ አልፈልግም። አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ሥራ ይገታል። አልፎ አልፎ ግን ይህ መገታት ከቁጥጥር ይወጣል። ትኩሳት በጣም ይጨምራል። ጡንቻ እንደ እንጨት ይደርቃል። የደም ግፊት ይዋዥቃል። ንቃተ ህሊና ይወርዳል። የሚሰባበረው ጡንቻ ኩላሊትን ይጎዳል። ኒውሮሌፕቲክ ማሊግናንት ሲንድረም ይባላል። ቶሎ ካልተያዘ ይገድላል። ከዚህ ሌላ፣ ኦላንዛፒን የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው በጥንቃቄ እንዲሰጥ በራሱ በመድኃኒቱ መረጃ ላይ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አለ።

ኦሊቨርን የያዘው ይኸው ሲንድረም ነው። አንጎሉ አበጠ፤ ጉዳቱ የማይመለስ ሆነ። በሕይወት ያቆየው የነበረው የመሣሪያ እርዳታ እንዲቋረጥ ተደረገ።

ሁለት ምርመራ፣ ሁለት መልስ

በእንግሊዝ እንዲህ ያለ ሞት ሲያጋጥም ኮሮነር የሚባል የአሟሟት መርማሪ ዳኛ ይመረምረዋል። በ2018 የቀረበው የኮሮነሩ መደምደሚያ መድኃኒቱ የታዘዘው በአግባቡ ነው የሚል ነበር። ለቤተሰቡ መራራ መልስ ነበር።

ከዚያ ሌላ መንገድ ነበር። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ሲሞቱ አሟሟታቸውን የሚገመግም ለደር የሚባል ብሔራዊ ፕሮግራም አለ። ይህ ፕሮግራም ከባዶ አልተነሳም። በ2013 የወጣ ጥናት 247 ሞቶችን መርምሮ፣ እነዚህ ወንዶች ከሌላው ሕዝብ 13 ዓመት፣ ሴቶቹ ደግሞ 20 ዓመት ቀድመው እንደሚሞቱ አሳይቶ ነበር። በኦሊቨር ላይ የተደረገው የመጀመሪያው የለደር ግምገማ ጉድለት ስለነበረበት ጉዳዩ በገለልተኛ ሰብሳቢ እንደገና ታየ። ውጤቱ በኦክቶበር 2020 ወጣ። ሞቱ ሊቀር ይችል የነበረ ነው ሲል ደመደመ።

ሁለቱ መልሶች አይገጣጠሙም። እኔ ግን የማያቸው የተለያየ ጥያቄ እንደመለሱ አድርጌ ነው። አንዱ የሐኪሙን ትዕዛዝ ነጥሎ ጠየቀ። ሌላው ትዕዛዙ ከመጻፉ በፊት የነበሩትን ቀናትና ወራት ሁሉ ተመለከተ። የማይታይ አካል ጉዳት ያለበት ሰው የሚጎዳው ብዙ ጊዜ በአንድ ትልቅ ስህተት አይደለም። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ሲታዩ «ያው የተለመደ ነው» በሚባሉ ትናንሽ ውሳኔዎች ድምር ነው።

የት ላይ ሳተ?

መጀመሪያ፣ ፍርሃቱ የተነበበበት መንገድ። የሕመሙ ስም ቀድሞ የተጻፈለት ሰው ሲመጣ አዲሱን ምልክት ሁሉ ወደ አሮጌው ስም የመጠቅለል ዝንባሌ አለ። ሆዱን ይዞ የሚጮህ ኦቲዝም ያለበት ሰው «ኦቲዝሙ ነው» ይባላል፤ ትርፍ አንጀቱ ሊሆን ይችላል። የጭንቀት ሕመም ያለባት ሴት ደረቴን ስትል «ጭንቀቷ ነው» ትባላለች፤ ልቧ ሊሆን ይችላል። ይህ ማንም ሐኪም አውቆ የሚያደርገው ነገር አይደለም። ሥራ ሲበዛ አእምሮ አቋራጭ ይፈልጋል። የተጻፈው ስም አቋራጩን ይሰጠዋል።

ቀጥሎ፣ መድኃኒት ለጠባይ መሰጠቱ። ይህ የኦሊቨር ብቻ ታሪክ ቢሆን ኖሮ አንድ አሳዛኝ አጋጣሚ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር። አይደለም። በ2015 የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና ተቋም ባወጣው ግምት፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ካለባቸው አዋቂዎች ከ30,000 እስከ 35,000 የሚሆኑት በየቀኑ ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዙ መድኃኒቶችን ይወስዱ ነበር፤ ያውም መድኃኒቱ የሚታዘዝበት ሕመም ሳይኖርባቸው። ይህን ለማስቆም ስቶምፕ የተባለ አገር አቀፍ ዘመቻ የተጀመረው በ2016 ነው። ኦሊቨር በሞተበት በዚያው ዓመት ማለት ነው።

ሦስተኛው ብዙም የማይወራለት ነው፤ ዕድሜው። ኦሊቨር 18 ሞልቶት ነበር። በሕፃናት ሕክምና ወላጅ አልጋው አጠገብ ቦታ አለው፤ ይጠየቃል፣ ይፈርማል። 18 ሲሞላ ታማሚው አዋቂ ይሆናል፤ ወላጅ በሕግ የመወሰን መብት አይኖረውም። ይህ ትክክል ነው፤ አዋቂ የራሱ አዛዥ መሆን አለበት። ነገር ግን ወላጅ የመወሰን መብቱን ሲያጣ የሚያውቀው ነገር አብሮ አይጠፋም። የ2005ቱ የእንግሊዝ የውሳኔ ችሎታ ሕግ ሁለት ነገር ይላል። አዋቂ ሰው ሁሉ፣ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ፣ ለራሱ መወሰን ይችላል ተብሎ ይገመታል። መወሰን በማይችልበት ሰዓት ደግሞ የሚንከባከቡት ሰዎች ሐሳብ መጠየቅ አለበት። ከዚህም በላይ፣ አንድ አዋቂ ነቅቶ ሳለ «ነገ ራሴን ባላውቅ ይህን ሕክምና አትስጡኝ» ብሎ አስቀድሞ መከልከል እንደሚችል ሕጉ ይፈቅዳል። ስለዚህ ነቅቶ ሳለ የተናገረው ነገር ሲተኛ ዋጋ አያጣም።

እነዚህን ሦስቱን ሳይ አንድ ነገር አገኛለሁ። የማይታይ አካል ጉዳት ላለበት ሰው የመጀመሪያው ማስረጃ ቃሉ ነው። ኤክስሬይ አያሳየውም። ስብራት የለውም። የደም ውጤት ከማሽን ወጥቶ ሲመጣ ማንም አይከራከረውም፤ ታማሚው «ይህ አይስማማኝም» ሲል ግን እንደ አስተያየት ይቆጠራል። የኔ አቋም ግልጽ ነው። ቃሉ እንደ ምርመራ ውጤት መመዝገብ አለበት። ሐኪም ሊያልፈው ከፈለገ ለምን እንዳለፈው በጽሑፍ ምክንያት ይስጥ።

አልጋው አጠገብ ምን ይደረግ ነበር?

ይህን ክፍል ማስረዘም እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም አብዛኛው ነገር ገንዘብ አይጠይቅም።

የሚያናግረው አንድ ሰው ይሁን። ሌሎቹ ሥራቸውን በዝምታ ይሥሩ። ያ ሰው ስሙን ይናገር፤ ከዚያ አጭር ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ይጠብቅ። መጠበቅ ማለት በልብ እስከ አሥር መቁጠር ነው። ለቸኮለ ሰው አሥር ሰከንድ ዘላለም ይመስላል፤ ግን ብዙ ጊዜ መልሱ ሰባተኛው ላይ ይመጣል።

ከመንካት በፊት ይነገረው። «አሁን ክንድህን ልይዝ ነው፤ መርፌው ይወጋል፤ ከዚያ ያልቃል።» «ትንሽ ይሰማሃል» የሚሉት ማባበያ ለብዙ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች አይጠቅምም። የተባለው ካልሆነ ቀጣዩን ሁሉ አያምኑም። «አሁን እመጣለሁ» ብሎ ሰዓታት መጥፋትም እንዲሁ ነው። «ሰዓት ተኩል ይፈጃል» ማለት ይሻላል።

መብራቱ ከተቻለ ይደብዝዝ። የማያስፈልግ የማሽን ጩኸት ይቀነስ። ከበር አጠገብ ካለ አልጋ ወደ ጥግ ማዛወር ብቻውን ብዙ ይለውጣል። የጆሮ መከለያ ካለው አይወሰድበት።

ወላጅ ወይም አብሮት የሚኖር ሰው ይጠየቅ፤ ደግሞም በትክክለኛው ጥያቄ። «ምን ሆኗል?» ብቻ አይበቃም። «ደህና ሲሆን እንዴት ነው? ሕመም ሲሰማው በምን ታውቃላችሁ? ምን ያረጋጋዋል? ከዚህ በፊት ያባሰበት ነገር አለ?» እነዚህ አራት ጥያቄዎች አምስት ደቂቃ አይፈጁም።

በብሪታንያ ሆስፒታሎች የሆስፒታል ፓስፖርት የሚባል ወረቀት በሰፊው ይሠራበታል። ታማሚው ቤት ሆኖ ይሞላዋል፣ ሲመጣ ይዞት ይመጣል። አንዳንዱ በትራፊክ መብራት ቀለም የተከፈለ ነው። ቀዩ «ይህን ሳታውቁ እንዳትነኩኝ» የሚባለው ነው፤ አለርጂ፣ መድኃኒት፣ የሚጥል በሽታ። ቢጫው ለእንክብካቤ የሚያስፈልግ ነው፤ እንዴት እንደሚበላ፣ እንዴት እንደሚነጋገር። አረንጓዴው የሚወደውና የሚጠላው ነው። ጥሩ መሣሪያ ነው። ግን ወረቀት ነው፤ ካልተነበበ ምንም አይደለም። ቀዩ ክፍል ወደ መድኃኒት ማዘዣው ካልተገለበጠ ትዕዛዝ የሚጽፈው ሐኪም አያየውም። በሌሊት ተረኛ ሆኖ ታማሚውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሐኪም የሚከፍተው ማዘዣውን ነው፤ አልጋው ራስጌ ያለውን ወረቀት አይደለም።

ብዙ የብሪታንያ ሆስፒታሎች የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ታማሚዎች አገናኝ ነርስ አላቸው። ሥራዋ ወይም ሥራው በሁለቱ ወገን መካከል ቆሞ መተርጎም ነው፤ ጠባዩን ለሐኪሙ፣ ሐኪሙን ለታማሚው። እንዲህ ያለ ሰው ከሥራ ሰዓት ውጭና ቅዳሜ እሑድ ከሌለ ግን ሆስፒታሉ ግማሽ ሥራ ሠርቷል።

ያልኩት ሁሉ ለኦቲዝም ብቻ አይደለም። ከስትሮክ በኋላ ቃል የጠፋበት ሰው ሰካራም ሊመስል ይችላል። ስኳሩ የወረደበት ሰው ተሳዳቢ ሊሆን ይችላል። የመስማት ችግር ያለበት ሰው ነርሷ ማስክ ስታደርግ ከንፈሯን ስለማያነብ ዝም ብሎ ይነቀንቃል፤ «ገብቶታል» ተብሎ ይጻፋል። ከባድ ጥቃት የደረሰባት ሴት ለምርመራ ልብስ አውልቂ ስትባል ትደነግጣለች። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ «እንዲመችዎት ማወቅ ያለብን ነገር አለ?» የሚለው፣ ለእነዚህ ሁሉ በር ይከፍታል። ጥያቄው ለሁሉም ታማሚ መቅረብ አለበት። ለተጠረጠሩት ብቻ ከቀረበ የማይታየው እንዳልታየ ይቀራል።

እናትየው ያመጡት ለውጥ

የኦሊቨር እናት ፖላ ማክጎዋን አርፈው አልተቀመጡም። የጤናና የማኅበራዊ እንክብካቤ ሠራተኛ ሁሉ ስለ ኦቲዝምና ስለ አእምሮ ዕድገት ውስንነት የግዴታ ሥልጠና ይውሰድ ብለው ፊርማ አሰባሰቡ። ጉዳዩ በኦክቶበር 2018 ፓርላማ ውስጥ ክርክር ተደረገበት። መንግሥት በ2019 ተቀበለው። ሥልጠናው በኦሊቨር ስም ተሰየመ። በ2022 የወጣው የጤናና እንክብካቤ ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በእንግሊዝ በተቆጣጣሪው አካል የተመዘገበ አገልግሎት ሰጪ ሁሉ ሠራተኞቹን ለሥራቸው በሚመጥን ደረጃ እንዲያሠለጥን ግዴታ ጣለበት።

ሥልጠናው ሁለት ደረጃ አለው። ሁሉም ሰው 90 ደቂቃ የሚወስድ የኮምፒውተር ትምህርት ይወስዳል። ጠቅላላ ግንዛቤ የሚበቃው ሠራተኛ በዚያ ላይ የአንድ ሰዓት የቀጥታ ውይይት ይጨምራል። ታማሚን በቀጥታ የሚንከባከበው ደግሞ በአካል ተገኝቶ የአንድ ቀን ሥልጠና ይወስዳል።

ለእኔ ትልቁ ነገር ማን ያስተምራል የሚለው ነው። አንድ ኦቲዝም ያለበት ሰው እና አንድ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ሰው ከአስተባባሪ ጋር ሆነው አሠልጣኝ ይሆናሉ። ሐኪሙ ተቀምጦ ይሰማል፤ እነሱ ያስረዳሉ። በኦሊቨር አልጋ አጠገብ የጠፋው ይህ ነበር፤ የዚህ ሰው ቃል እውቀት ነው ብሎ መቀበል። በ2025 የወጣው የአሠራር ደንብም ሥልጠናው ከእነዚሁ ሰዎች ጋር አብሮ እንዲዘጋጅና አብሮ እንዲሰጥ ይጠይቃል። ሴፕቴምበር 6 ቀን 2025 ሥራ ላይ ውሏል። ወጪ ለመቀነስ የኮምፒውተሩን ትምህርት ብቻ ሰጥቶ «አሠልጥኛለሁ» የሚል ሆስፒታል የሥልጠናውን ልብ አውጥቶ ጥሎታል።

ሠራተኛውስ?

ሥልጠናው ላይ የሚቀመጡት ነርሶችና ሐኪሞች ራሳቸው ውስጥ የማይታይ ጉዳት ያለባቸው ብዙ ናቸው። ይህ ሐረግ ማሟያ አይደለም፤ ቁጥር አለው። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት፣ ኤን ኤች ኤስ፣ ከ2019 ጀምሮ የአካል ጉዳተኛ ሠራተኞቹን ሁኔታ በአሥር መለኪያዎች ይከታተላል። ስማቸው በሚታወቅበት የሠራተኛ መዝገብ ላይ አካል ጉዳት አለብኝ ብለው ያስመዘገቡት ከ20 ሰው አንድ ገደማ ናቸው። ስም በማይጻፍበት መጠይቅ ላይ ግን ከ5 ሰው አንድ ገደማ፣ በቅርቡም ከዚያ በላይ፣ አለብኝ ይላል። በመሃል ያለው ሰው ስሙ ባለበት መዝገብ ላይ አላስመዘገበም ማለት ነው።

ለምን ይደብቃሉ? ኦሊቨር የገጠመውን ስለሚፈሩ ይመስለኛል። ተናግሬ ምን አገኛለሁ? «እንግዲያው ሥራውን መሥራት አትችልም» ቢሉኝስ? ዲስሌክሲያ፣ ማለትም ፊደልና ቃል የማንበብ ችግር፣ ያለበት ነርስ የመድኃኒት ስም ደጋግሞ የሚያነበው በድብቅ ነው። የሚጥል በሽታ ያለባት ሐኪም የሌሊት ተራ እንቅልፍ ስለሚነሳት ሕመሟን ይቀሰቅሰዋል፤ ግን «ሰነፍ» እንዳትባል ትገባለች። በአንድ ጆሮው የማይሰማ ሠራተኛ በፈረቃ ርክክብ ጊዜ ጫጫታ ውስጥ ግማሹ ያመልጠዋል። ኦቲዝም ያለባት የላብራቶሪ ባለሙያ ፈረቃዋ ሳይነገራት ሲቀያየር ሳምንቷ ይበላሻል።

ለእያንዳንዱ መፍትሔ አለ። ርክክቡ ጸጥ ባለ ክፍል ይሁን፤ የተጻፈ ቅጂም ይኑረው። የሌሊት ተራ በሌላ ይተካ። የፈረቃ መርሐ ግብሩ ቀድሞ ይነገር። ስም የሚመሳሰሉ መድኃኒቶች በተለያየ መደርደሪያ ይቀመጡ፤ ይህ ዲስሌክሲያ ለሌለበትም ደኅንነት ነው። በብሪታንያ የ2010ሩ የእኩልነት ሕግ አሠሪ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያስገድዳል። ሕጉ ጉዳቱ ይታይ አይታይ ብሎ አይለይም። ዕለታዊ ኑሮን ጉልህ በሆነ መንገድ የሚያውክና 12 ወር የቆየ ወይም የሚቆይ ከሆነ ይበቃል።

ሠራተኛና ታማሚን አንድ ላይ ያነሳሁት በምክንያት ነው። ችግሩን ተናግሮ የተዋረደ ነርስ ታማሚው ሲናገር የሚሰማበት ጆሮ ከየት ያመጣል? ተናግሮ የተመቻቸለት ግን ጥያቄውን እንዴት እንደሚያቀርብ ያውቃል። የኦሊቨርን ዓይነት ወጣት ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ቀድማ የምትረዳው ኦቲዝም ያለባት ነርስ ልትሆን ትችላለች፤ ያውም በሥራ ቦታዋ ራሷን መደበቅ ካልነበረባት።

አበባ ያለበት ገመድ እና ከዚያ ወዲያ

በ2016 የለንደኑ ጋትዊክ አየር ማረፊያ አንድ ቀላል ነገር ጀመረ። የሱፍ አበባ የታተመበት አረንጓዴ የአንገት ገመድ ነው። የማይታይ አካል ጉዳት ያለበት ሰው ከፈለገ ያጠልቀዋል፤ ሠራተኛውም ይህ ሰው ትንሽ ተጨማሪ ጊዜና ትዕግሥት እንደሚፈልግ ያያል። ማስረጃ አምጣ አይባልም። ዛሬ በብዙ አገሮችና በብዙ ሆስፒታሎች ይሠራበታል።

እወደዋለሁ፤ ወሰኑም ግን መታወቅ አለበት። ገመዱ «እርዳታ ሊያስፈልገኝ ይችላል» ይላል፤ ምን ዓይነት እንደሆነ አይናገርም። ራሱን ስቶ የመጣ ሰው አንገት ላይ ላይኖር ይችላል። ደግሞ ማንም እንዲያጠልቅ መገደድ የለበትም፤ ያላጠለቀም እኩል መብት አለው።

ለዚህ በእንግሊዝ የታማሚው ዲጂታል ፋይል ላይ ስለሚያስፈልገው ማመቻቸት የሚጠቁም ምልክት እንዲኖር እየተሠራ ነው። ከዚያ በፊትም ከ2016 ጀምሮ የጤና ተቋማት የታማሚውን የመግባቢያ ፍላጎት እንዲለዩ፣ እንዲመዘግቡ፣ ጎልቶ እንዲታይ እንዲያደርጉ፣ እንዲያስተላልፉና እንዲያሟሉ የሚያዝ ደረጃ አለ። ከአምስቱ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው የመጨረሻው ነው። ይለያል፣ ይመዘገባል፣ ምልክት ይደረጋል፣ ይተላለፋል፤ ከዚያ ማንም ምንም አያደርግም።

አንድ ሆስፒታል «እኛ በዚህ ላይ ሠርተናል» ቢለኝ ግድግዳው ላይ ያለውን ፖስተር አላይም። ሥልጠና የወሰደውን ሰው ብዛትም መጀመሪያ አልጠይቅም። የማይታይ አካል ጉዳት እንዳለበት የተመዘገበ የአንድ ታማሚ መድኃኒት ማዘዣ ከነአለርጂው ሳጥን እንዲከፈት አደርጋለሁ። ሳጥኑ ውስጥ ታማሚው ራሱ «አይስማማኝም» ያለው መድኃኒት ተጽፏል ወይ? ማን እንደተናገረና መቼ እንደተናገረ አለ? ሐኪሙ ካለፈውስ ምክንያቱን ጽፎ ፈርሟል? ከዚያ የሌሊት ተረኛውን ጠርቼ ይህን ሳጥን ትናንት ማታ አይቶት እንደነበር እጠይቀዋለሁ።